መዥገር መቼ ይነክሳል

በቤር ሸባ ሆስፒታል፣ በሦስተኛው ፎቅ፣
እንጀራዬ ቃል ነው፤ ማቀበል፣ መጠንቀቅ፤
ከዕብራይስጥ አንስቼ አማርኛ ማልበስ፤
ደመወዜ በሰዓት፣ ስህተቴ በነፍስ።

አባ ጣሰው መጡ በነሐሴ አጋማሽ፣
ከኦፋቂም ሠፈር፣ በአምቡላንስ፣ ሲመሽ፤
ራሳቸው ሊፈነዳ፣ ጉልበታቸው ውሃ፣
ውጭው በረሃ ነው፣ ውስጡም በረሃ።

ዶክተር ናዲም ቀርቦ ምላስ፣ ዓይን አየ፣
ደረት አዳመጠ፣ ሆድ ዳስሶ ለየ፤
«የነከሰው ነገር ሰሞኑን ካለ
ጠይቂልኝ እስቲ» ወደ እኔ ዞሮ አለ።

«አባ፣ የነከሰዎት ነገር አለ?» አልኳቸው።
ፈገግ አለ በግድ የደረቀ ከንፈራቸው፦
«ማን ይነክሰኛል ልጄ፣ ጥርስ ያለው ማን ቀረኝ?
ውሻዬም አሮጊት ናት፤ ስሟ ራሱ ማን አለኝ።»

«የለም» ብዬ፣ አሳጥሬ፣ ለናዲም አሻገርኩት፤
ቀልዱን ግን ለወግ ብዬ በኪሴ አስቀረሁት።

ውሻዋ ያለችው ቀልዱ ውስጥ ነበር።

በማግስቱም ያው ነው። «ጊንጥ? ሸረሪት? ንብ?» ቆጠርኩ፤
«የለም» አሉኝ እሳቸው፤ «የለም» ብዬ አሻገርኩ።
ደማቸው ተቀዳ፣ ሳንባቸው ፎቶ ተነሣ፣
ወረቀቱ ሁሉ ዝም፤ ትኩሳቱ ብቻ አገሣ።

በሦስተኛው ሌሊት ሽፍታው ብቅ አለ፣
ከቁርጭምጭሚት ተነሥቶ ሽቅብ እያየለ፤
ቀይ ምስር በቆዳ ላይ የበተኑ ይመስል፣
ክንድ ላይ፣ ጀርባ ላይ፣ ውስጥ እግርና መዳፍ መሐል።

ናዲም መዳፋቸውን ገልብጦ አየና
«ብዙ ሽፍታ አይሄድም በመዳፍ ጎዳና፤
መዥገር ይሆናል» አለ። «ሌላ አገር ሲነክስ
ጥቁር ማኅተም ያትማል፣ ይታያል ሲፈወስ፤
የእኛው ግን አብዛኛውን ጊዜ አይፈርምም።
ጠይቂው እንደገና።»

                            ጠየቅሁ፤ ደከመኝ አላሉም።

«አባ፣ መዥገር ነክሶዎታል?»
ዓይናቸውን ገለጡ፦ «መዥገር መቼ ይነክሳል?
ምነው ልጄ፣ ቋንቋሽን ከተማ በልቶታል!
ውሻ ይነክሳል፤ እባብ ይነድፋል፤
መዥገር ይጣበቃል፣
ይመጥጣል፣ ሲጠግብ ይወድቃል።
ይልቅ እኔ ነኝ እንጂ፣ ማታ ማታ በሬ ላይ
ማን አለኝን አስተኝቼ በመንገዱ መብራት ሳይ
ከጆሮዋ ሥር፣ ከጣቷ መሐል ለቅሜ እያወጣሁ፣
በአውራ ጣቴ ጥፍር ጧ! አድርጌ የፈጨሁ፤
እሱ መቼ ነካኝ? እኔ ነኝ የነካሁ።»

አንድም ቃል አላስቀረሁ። ጧ የሚለውንም፣
ቀልዱንም፣ ቁጣውንም፣ የኔን መወቀስም።
ናዲም የቀኝ አውራ ጣታቸውን ያዘ፤
ጥፍሩ ሥር ስንጥቅ አለ፣ እንደ ክር የቀጠነ፤
በዚያች ክር ነው የገባው፣ ወይ በሌላ ቀዳዳ፣
ሁለት ቀን የጠበቀው የእኔን ቃል መሰናዳ።

ምርመራው ሳይመለስ ክኒኑ ተሰጠ፣
ዶክሲ የሚሉት፣ ርካሽ፤ ቶሎ ዋጡት ባንድ ጉንጭ።
በሁለተኛው ንጋት አንሶላው ረጠበ፣
ላቡ ወረደ፤ እሳቱም በረደ።

ሲነቁ ያሉት ይህ ነው፦ «ማን አለኝ ምን በላች?»
ጎረቤት ወስዷት ነበር፤ ደኅና ናት፣ ታጥባለች፣
መድኃኒት ያለው ማሰሪያ ባንገቷ ታስሮላት።
ሰምተው ዝም አሉ፤ ጥፍራቸውን አዩት።

ናዲም በር ላይ ቆሞ «ምን አለ?» ብሎ ጠየቀኝ።
«‹ማን አለኝ› አለ» አልኩት፤ ቃል በቃል፣ ሳልጨምር አንድ።
ጥያቄ መሰለው። አንገቱን ደፋና
በመዝገቡ ጻፈ፦ ማኅበራዊ ሠራተኛ
ዛሬውኑ ትምጣ፣ በየሳምንቱም ቤት ትሂድ።

የውሻ ስም ነው ልለው አፌን ከፈትኩ።
ከዚያ ዘጋሁት። አላረምኩም።